በቃል የተጻፈው አልጀብራ፦ የሊዮናርድ ኦይለር ሕይወት

ሒሳብ የዓይን ትምህርት ነው የሚለው አስተሳሰብ በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ቁጥሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሥዕሉ በጠመኔ ይነደፋል፤ ተማሪውም እያየ ይገለብጣል። ስለዚህ አንድ መምህር በራዲዮ ሒሳብ እንዲያስተምር ሲጠየቅ ወይም ዓይነ ስውር ተማሪ ወደ ክፍሉ ሲገባ አስቀድሞ የሚሰማው ጭንቀት ነው። ሰሌዳው ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? ይህን ጥያቄ በራሱ ሕይወት የመለሰው ሰው፣ በዛሬው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የምናያቸውን ምልክቶች ከማንም ይልቅ ያስፋፋው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ከሥራዎቹ ግማሽ ያህሉን ያዘጋጀው ብርሃኑን ካጣ በኋላ፣ እየተናገረ በማስጻፍ ነበረ። ከእነዚህም መካከል ሒሳብ ጨርሶ ላልተማረ ሰው የተነገረው የአልጀብራ መጽሐፍ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኦይለር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ሚያዝያ 15 ቀን 1707 ተወለደ። አባቱ ፓውል ኦይለር የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሲሆን፣ በወጣትነቱ የታላቁን የሒሳብ ሊቅ የያኮብ ቤርኑሊን ትምህርት የተከታተለ ሰው ነበረ። ቤተሰቡ ለባዝል ቅርብ ወደሆነችው ወደ ሪኸን መንደር ተዛወረና ልጁ የመጀመሪያውን የሒሳብ ትምህርት ከአባቱ አፍ ተማረ። የተጠቀሙበትም መጽሐፍ ክሪስቶፍ ሩዶልፍ የተባለው ሰው በ16ኛው መቶ ዓመት ያዘጋጀው አስቸጋሪ የአልጀብራ መጽሐፍ ነበረ። ይህን የምናውቀው ኦይለር ራሱ በ1767 ዓይኑ ከደከመ በኋላ አጭር የሕይወት ታሪኩን ለበኵር ልጁ ለዮሐን አልብሬኽት በቃል ነግሮ ስላስጻፈ ነው። የገዛ ታሪኩ እንኳ የተጻፈው እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው እየሰማ ነው ማለት ነው።

ልጁ በ13 ዓመቱ በ1720 የባዝል ዩኒቨርስቲ ገባ። አባቱ ሰባኪ እንዲሆን ይመኝ ነበረ። በዚያን ጊዜ የሒሳብ ወንበር የነበረው ለያኮብ ወንድም ለዮሐን ቤርኑሊ ነው። ዮሐን ቤርኑሊ ጊዜ የለኝም ብሎ በግል ለማስተማር እምቢ አለ፤ ነገር ግን ከበድ ያሉ መጻሕፍትን ራሱ እንዲያነብና ያልገባውን ነገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። መምህሩ አንዱን መሰናክል ሲያነሣለት ዐሥር ሌሎች አብረው ይወገዱ እንደ ነበረ ኦይለር በኋላ በአድናቆት አስታውሷል። የመምህሩን ጊዜ ላለማባከን ሲል ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄውን ያጥርና ያጠራ ነበረ። ይህ ልማድ ተራ ነገር አይደለም። ጥያቄን ለሰሚ በሚመች ቃል አሳጥሮ ማቅረብ የሚችል ሰው ግማሹን መልስ አግኝቷል፤ የኦይለር የኋላ ዘመን ዘዴም ሥሩ ከዚያ ከቅዳሜው ንግግር ይጀምራል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1727 በባዝል ለተለቀቀው የፊዚክስ መምህርነት ወንበር ሲወዳደር ያቀረበው ጽሑፍ ስለ ድምፅ የሚናገር ነበረ። ድምፅ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝና የሙዚቃ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚያሰሙት ይመረምራል። ወንበሩን አላገኘም፤ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ባዝልን ለቆ ወደ ሩስያ ጉዞ ጀመረ፤ ዳግመኛም ወደ ትውልድ አገሩ አልተመለሰም። ሴንት ፒተርስቡርግ የገባው ግንቦት 17 ቀን ሲሆን፣ በዚያው ዕለት አካዳሚውን በሥራ ላይ ያዋለችው ንግሥት ቀዳማዊት ካትሪን ዐረፈች። አዲሱ የሳይንስ አካዳሚ ለጥቂት ጊዜ የሚበተን መስሎ ነበረ፤ ነገር ግን ጸና። ኦይለርም በ1730 የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1733 ደግሞ ወዳጁ ዳንኤል ቤርኑሊ ወደ አገሩ ሲመለስ የሒሳብን ወንበር ተረከበ። በሚቀጥለው ዓመት የሠዓሊውን የጌኦርግ ግዜልን ልጅ ካታሪናን አገባ። 13 ልጆች ወልደው ከሕፃንነት ያለፉት 5 ብቻ ናቸው።

በእነዚህ ዓመታት የሠራው ሥራ ለብቻው አንድ መጽሐፍ የሚጠይቅ ስለሆነ እዚህ በአጭሩ ይታለፋል። በ1735 የሙሉ ቁጥሮች ካሬዎች ግልብጦሽ ድምር፣ ማለትም አንድ፣ ሲደመር አንድ አራተኛ፣ ሲደመር አንድ ዘጠነኛ እየተባለ ያለ መጨረሻ የሚሄደው ድምር፣ የፓይ ካሬ ለስድስት ሲካፈል የሚገኘው መሆኑን አሳየ። የኬኒግስቤርግን ሰባት ድልድዮች እንቈቅልሽም ፈታ። ፈንክሽንን ዛሬ በምንጽፍበት አኳኋን የጻፈው፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት ለሆነው ቁጥር ዛሬ የምንጠቀምበትን ፊደል የሰጠው፣ ፓይ የሚባለውን የግሪክ ፊደል በመላው ዓለም ያስለመደው እሱ ነው። ነገር ግን በ1735 ብርቱ ትኵሳት ያዘው፤ በ1738 ደግሞ ሌላ ሕመም ተነሥቶበት የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጠፋው። እሱ ለዚህ ተጠያቂ ያደርግ የነበረው በአካዳሚው ትእዛዝ የሚሠራውን አድካሚ የካርታ ሥራ ነው። ሐኪሞች ግን ምክንያቱ ሕመሙ ራሱ እንደሚሆን ያምናሉ።

በ1741 የፕሩስያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪሽ ባደረገለት ጥሪ ወደ በርሊን ሄደና በዚያ 25 ዓመት ተቀመጠ። ታላላቆቹ የአናሊስስ መጻሕፍቱ የወጡት በዚህ ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው በ1748፣ የዲፈረንሺያል ካልኩለሱ በ1755 ታተሙ። ከንጉሡ ጋር ግን ልባቸው አልገጠመም። ፍሪድሪሽ የቤተ መንግሥት ጨዋታና የቀልድ ንግግር ወዳጅ ስለ ነበረ፣ ጭምትና ሃይማኖተኛ የሆነውን ሊቅ ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ እያለ ይዘባበትበት ነበረ። ንግግር አያውቅም ተብሎ የተናቀው ሰው ታዲያ በዚያው ከተማ ሳለ የጀመረው ሥራ፣ ረቂቅ ነገርን ለማያውቅ ሰው በማስረዳት ረገድ ወደር ያልተገኘለት ሆነ።

ይኸውም ለአንዲት የጀርመን ልዕልት የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ኦይለር ለዚህች ወጣት የጂኦሜትሪ ትምህርት በአካል ይሰጥ ነበረ፤ መገናኘት አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ በሚያዝያ 1760 ትምህርቱን በደብዳቤ ቀጠለ። እስከ 1762 ድረስ 234 ደብዳቤዎች ጻፈላት። የመጀመሪያው ስለ መጠን ነው። ከአንድ ጫማ ርዝመት ተነሥቶ ወደ ማይል፣ ከማይል ወደ መሬት ስፋት፣ ከዚያም ወደ ጨረቃ፣ ወደ ፀሐይና ወደ ከዋክብት እየወጣ፣ አንባቢዋ በእግሯ የምትለካውን ነገር ይዛ እስከ ሰማይ ዳርቻ እንድትደርስ ያደርጋታል። ደብዳቤዎቹ በጽሑፍ ቢሆኑም የተጻፉት ፊት ለፊት እንደ ተቀመጠ ሰው ንግግር ነው። አንድ ነገር ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርም፤ ያልተነገረ ቃልም እንደ ታወቀ አድርጎ አይጠቀምበትም።

በ1766 የሩስያ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን ባቀረበችለት ጥሪ ወደ ሴንት ፒተርስቡርግ ተመለሰ። እንደ ደረሰም ታመመ፤ ደኅና የነበረው የግራ ዓይኑ የዓይን ሞራ ይጋርደው ጀመር። ትልልቅ የጠመኔ ፊደሎችን ብቻ ለመለየት የሚችል ሆነ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 60 ሊሞላ የተቃረበ ሲሆን፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያገኘው ክብርና ጡረታ ይበቃው ነበረ። በእርግጥም የሒሳብ ሊቅ ብርሃኑን ሲያጣ የሚያጣው የቀለምና የመልክ ደስታ ብቻ አይደለም። ረጅም ስሌት በወረቀት ላይ የሚቀመጠው አእምሮ ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊሸከም ስለማይችል ነው፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ሸክሙ ሁሉ በማስታወስ ላይ ይወድቃል።

ይህን ሸክም የመቻል ችሎታ ኦይለር ነበረው። የቨርጂልን የኤኔይድን ግጥም ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቅ ነበረ፤ በነበረው እትም የእያንዳንዱ ገጽ መጀመሪያና መጨረሻ ስንኝ የትኛው እንደሆነም ይናገር ነበረ። እስከ መቶ ያሉትን ቁጥሮች እስከ ስድስተኛ ኃይላቸው ድረስ ያስታውስ ነበረ። ሁለት ተማሪዎቹ የአንድን ድምር 17 ቤቶች ደምረው በ50ኛው አኀዝ ላይ ሳይስማሙ ቢቀሩ፣ እሱ ስሌቱን በአእምሮው ደግሞ ሠርቶ ትክክለኛውን ነገራቸው ይባላል። የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ያለው የቤተ ክህነት ሰው ያለ ወረቀት አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ ላየ አንባቢ ይህ ፍጹም እንግዳ አይሆንበትም። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ የያዘ ሰው አንዱን ካወቀ ሌላውን መጻፍ አያስፈልገውም። ኦይለርም የያዘው የቁጥሮችን ክምር ብቻ ሳይሆን አንዱን ከሌላው የሚያወጣበትን ሥርዓት ጭምር ነበረ።

ነገር ግን ማስታወስ ለራስ ነው፤ ሌላውን ለማስተማር አይበቃም። የአልጀብራው መጽሐፍ ታሪክ የሚደነቀው በዚህ ነው። ኦይለር ከበርሊን ሲመለስ አንድ ወጣት አገልጋይ ይዞ መጥቶ ነበረ። ይህ ሰው የልብስ ስፌት ሙያ የተማረ ሲሆን፣ የመጽሐፉ መቅድም እንደሚመሰክረው ስለ ሒሳብ ምንም የማያውቅና በተፈጥሮ ችሎታውም ከመካከለኛ የማያልፍ ነበረ። ስሙን ግን መቅድሙ አይጠቅስም። ኦይለር አልጀብራን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዚህ ሰው እየተናገረ አስጻፈው። ከአካዳሚው ወጣት ሊቃውንት አንዱን መጠቀም ሲችል ልብስ ሰፊውን መምረጡ በአጋጣሚ አይመስልም። የሠለጠነ ጸሐፊ ያልተነገረውን ከራሱ ዕውቀት እየሞላ ይጽፋል፤ ያልሠለጠነው ግን የሰማውን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ካልገባው ፊቱ፣ ብዕሩ፣ ዝምታው ይናገራል። ዓይኑ የማያይ መምህር የተማሪውን ፊት ስለማያይ፣ አለመረዳቱን ሊያውቅ የሚችለው በብዕሩ መቆምና በሚጠይቀው ጥያቄ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ልብስ ሰፊው የመጽሐፉ ጸሐፊም መለኪያም ሆነ። መቅድሙ እንደሚለው፣ ሥራው ሲያልቅ ይህ ሰው አስቸጋሪ የአልጀብራ ጥያቄዎችን ያለ ማንም ረዳት ይፈታ ነበረ።

መጽሐፉ የሚጀምረው ሊጨምር ወይም ሊቀንስ የሚችል ነገር ሁሉ መጠን ይባላል በሚል ሐሳብ ነው። የመደመርንና የመቀነስን ምልክት ካስረዳ በኋላ ከዜሮ በታች ወደ ሆኑት ቁጥሮች ይሄዳል። እነዚህን የሚያስረዳቸው በብድር ነው። ምንም ገንዘብ ሳይኖረው 50 ብር ዕዳ ያለበት ሰው ከምንም በ50 ያነሰ ነው ያለው፤ አንድ ሰው 50 ብር ቢሰጠውና ዕዳውን ቢከፍል ገና ምንም ወደሚለው ነጥብ መድረሱ ነው። ከዚያ መምህራንን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀው ነገር ይመጣል፤ ሁለት ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ ለምን ከዜሮ በላይ ይሆናል? ዕዳ በሦስት ቢባዛ ሦስት እጥፍ ዕዳ እንደሚሆን ማንም ይረዳል፤ ስለዚህ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ከዜሮ በላይ በሆነ ቁጥር ሲባዛ ከዜሮ በታች ይሆናል። አሁን ሁለቱም ከዜሮ በታች ከሆኑ፣ የውጤቱ አኀዝ ያው ሆኖ ምልክቱ ብቻ ነው የሚያጠራጥረው፤ ወይ ከላይ ነው ወይ ከታች። ከታች ሊሆን አይችልም፤ ያ ቦታ ቀድሞ በሌላው ብዜት ተይዟል። ስለዚህ ከላይ መሆን አለበት። የዛሬ ሊቅ ይህን ማስረጃ ፍጹም አይለውም፤ ግን ያለ አንዲት ሰሌዳ በጆሮ ብቻ ሊያዝ የሚችል ነው፤ ሰሚውም የሚይዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተስማማበትንና አሁን የቀረለትን ምርጫ።

በሁለተኛው ክፍል የዕውሩ ሕግ የሚባል ምዕራፍ አለ። ስሙን ኦይለር አላወጣውም፤ ከእሱ በፊት የነበሩ የሒሳብ መምህራን ይጠሩበት የነበረ ነው። በዚያ ከሚገኙት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው 30 ሰዎች በአንድ መጠጥ ቤት 50 ታለር አወጡ፤ አንድ ወንድ 3፣ አንዲት ሴት 2፣ አንድ ሕፃን 1 ታለር ከፈሉ፤ ከየወገኑ ስንት ነበሩ? (ታለር በአገራችን ለረጅም ዘመን የተሠራበት የማርትሬዛ ብር ዘመድ ነው።) መጽሐፉ ሁለት የእኩልነት ዓረፍተ ነገሮችን ጽፎ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ያው ሥራ በንግግር ሲገለጽ እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያ ሠላሳውም ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታለር ያውጡ፤ 30 ሆነ፤ 20 ይቀራል። ሕፃናቱ ከፍለው ጨርሰዋል። እያንዳንዷ ሴት አንድ፣ እያንዳንዱ ወንድ ሁለት ይቀርባቸዋል። እንግዲህ የወንዶቹ ቁጥር እጥፍና የሴቶቹ ቁጥር ተደምረው 20 ናቸው። አንድ ወንድ ከሆነ 18 ሴቶች፣ የቀሩት 11 ሕፃናት ናቸው። አምስት ወንዶች ከሆኑ 10 ሴቶችና 15 ሕፃናት። ዘጠኝ ወንዶች ከሆኑ 2 ሴቶችና 19 ሕፃናት። ከየወገኑ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር ከተባለ መልሱ ዘጠኝ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ሦስት የማይታወቁ ቁጥሮች አሉ፤ ሆኖም ሰሚው በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ እንዲሸከም አልተደረገም፤ ሕፃናቱ ድርሻቸውን ከፍለው ከስሌቱ ወጥተውለታልና።

መጽሐፉ በሩስያ ቋንቋ ተተርጕሞ በ1768ና በ1769 ታተመ፤ በጀርመንኛ በ1770 ወጣ። የፈረንሳይኛው ትርጕም በ1774 የታተመው ላግራንዥ ከጨመረበት ጥልቅ ማብራሪያ ጋር ነው። ከዕዳና ከብድር የጀመረው መጽሐፍ መጨረሻው አካባቢ የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ኩቦች ድምር ኩብ ሊሆን አለመቻሉን እስከ ማረጋገጥ ይደርሳል፤ ይህም ከፌርማ ታላቅ ጥያቄ አንዱ ክፍል ነው። በማረጋገጫው ውስጥ ኋላ ሌሎች የሞሉት ክፍተት አለ። ቢሆንም ልብስ ሰፊው በዚያ መንገድ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ማሰብ ያስደንቃል።

የንግግር ሒሳብ ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሣ ቦታ አለ። ኦይለር ምናባዊ ቁጥሮችን ሲያስረዳ የኔጌቲቭ አንድን ዳግም ዘር በኔጌቲቭ አራት ዳግም ዘር ሲያባዛ 2 ይሆናል ብሏል። በዛሬው ሥርዓት መልሱ ኔጌቲቭ 2 ነው። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ስሕተት ብለው፣ የዓይነ ስውር ሰው ንግግር ወይም የጸሐፊው ብዕር ያመጣው ነው እያሉ አመካኝተውለታል። በ2007 የታተመው የአልቤርቶ ማርቲኔዝ ጥናት ደግሞ ኦይለር ዳግም ዘርን ሁልጊዜ ሁለት ዋጋ ያለው አድርጎ ስለሚመለከት አባባሉ ከራሱ ሥርዓት ጋር የሚስማማ መሆኑን ተከራክሯል። ይህ አስተያየት የበለጠ ያሳምናል። በሌላ ቦታ ሁሉ በጠነቀቀ ንግግሩ ልብስ ሰፊውን ያስተማረ ሰው እዚህ ብቻ በድንገት ተሳሳተ ማለት የዓይኑን መጥፋት እንደ ምቹ ምክንያት መጠቀም ይመስላል።

እውነተኛው አደጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዘጠኝ ሲደመር ዐሥራ ስድስት ዳግም ዘር ስንት ነው ተብሎ በንግግር ብቻ ቢጠየቅ፣ አንዱ ሰሚ መጀመሪያ ደምሮ 5 ይላል፤ ሌላው የእያንዳንዱን ዳግም ዘር ወስዶ 7 ይላል። ሁለቱም የሰሙትን አልሳቱም። በወረቀት ላይ የምልክቱ ጣሪያ የት እንደሚያልቅ ዓይን ያያል፤ በድምፅ ግን ጣሪያ የለም። ይህን ችግር በዘመናችን በግልጽ ያነሣው አሜሪካዊው ዓይነ ስውር የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜት ነው። ከ1918 እስከ 2013 የኖረው ኔሜት በ1952 ለሒሳብ የሚሆን የብሬይል አጻጻፍ አወጣ፤ ለሚያነቡለት ሰዎችም ምልክቱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን በቃል እየጠሩ የሚያነቡበትን ሥርዓት አበጀ። የኦይለር መንገድ ከዚህ ይለያል። እሱ ምልክቱን ወደ ድርጊት ይመልሰዋል፤ መጀመሪያ ዘጠኝንና ዐሥራ ስድስትን ደምር፣ ከዚያም የድምሩን ዳግም ዘር ውሰድ እንደ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ጐን ለጐን የተቀመጠው ነገር በንግግር ውስጥ ቀድሞና ተከትሎ ይመጣል። የራዲዮ መምህር ከሁለቱ የትኛውን ይምረጥ ቢባል፣ ለጀማሪ የኦይለር፣ ለገፋ ተማሪ የኔሜት ሳይሻል አይቀርም።

ከኦይለር በፊትም ብርሃን የሌለው የሒሳብ መምህር ነበረ። እንግሊዛዊው ኒኮላስ ሶንደርሰን በ1682 ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን አጣ፤ ሆኖም በ1711 ኒውተን ይዞት የነበረውን የካምብሪጅ ወንበር ያዘ፤ ስለ ብርሃንም ሳይቀር አስተማረ። ለራሱ ስሌት በቀዳዳ ሰሌዳ ላይ መርፌ እየተከለ በጣቱ የሚዳስስበትን ዘዴ ፈጥሮ ነበረ። ሶንደርሰን ዓይንን በጣት ተካ፤ ኦይለር በሰው ተካ።

ይህም የሰው ምትክ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ። በጥናት ክፍሉ ውስጥ የደንጊያ ሰሌዳ ነበረ፤ ዋናውን ሐሳብ በትልልቅ ፊደል ይጭርበትና በዙሪያው ከተቀመጡት ጋር ይወያይበታል። ረዳቶቹ ስሌቱን ሠርተው ጽሑፉን ያዘጋጃሉ፤ መልሰው ያነቡለታል፤ እሱ እየሰማ ያርማል። ልጁ ዮሐን አልብሬኽት፣ ክራፍትና ሌክሴል በ1772 የታተመውን ታላቅ የጨረቃ እንቅስቃሴ መጽሐፍ በዚህ ዓይነት አብረውት ሠሩ። በ1773 ደግሞ በዳንኤል ቤርኑሊ አማካይነት ኒኮላስ ፉስ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ከባዝል መጣ። ፉስ ለዐሥር ዓመት የአረጋዊው ዓይንና እጅ ሆኖ ከ200 በላይ ጽሑፎችን አዘጋጀ፤ በኋላም የኦይለርን የልጅ ልጅ አገባ። ኔጌቲቭ አንድ ዳግም ዘር ዛሬ የሚጻፍበትን ፊደል ኦይለር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት በ1777 ነው፤ ይህም ምልክቱን በተራ ጽሑፍ ማንበብ ከተሳነው ከዐሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ችግር ግን አልተለየውም። በ1771 ሴንት ፒተርስቡርግን ባጋየው ቃጠሎ ቤቱ ሲነድ፣ ፔተር ግሪም የተባለ የባዝል የእጅ ሙያተኛ በእሳቱ ውስጥ ገብቶ ተሸክሞ አወጣው፤ አብዛኞቹ የእጅ ጽሑፎችም ተረፉ። በዚያው ዓመት የግራ ዓይኑ ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶለት ለጥቂት ቀናት ብርሃን አየ። ከዚያ ዓይኑ መግል ይዞ ብርቱ ሥቃይ አስከተለበት፤ ብርሃኑም ተመልሶ ጠፋ። በ1773 ባለቤቱ ካታሪና ሞተች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግማሽ እኅቷን አገባ።

መስከረም 18 ቀን 1783 ጧት ለአንዱ የልጅ ልጁ የሒሳብ ትምህርት ሰጠ። በዚያ ዓመት የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች በፈረንሳይ ያወጡት በራሪ ፊኛ በመላው አውሮፓ ይወራ ስለ ነበረ የፊኛውን አወጣጥ በስሌት መረመረ። ከሌክሴልና ከፉስ ጋር ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ተገኘችው ስለ ዩራኑስ ፕላኔት ምሕዋር ተነጋገረ። በኋላ ሻይ እየጠጣ ከልጅ ልጁ ጋር ሲጫወት ድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በዚያው ምሽት ዐረፈ። በጥቅምት ወር ፉስ በአካዳሚው ጉባኤ ፊት የመታሰቢያውን ንግግር አሰማ። በቃል ያስጻፋቸው ጽሑፎች እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ አካዳሚው እነሱን ማተም ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቀጠለ። በደንጊያ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ተጽፎ የተገኘው የፊኛ ስሌትም እንዳለ ተገልብጦ በፓሪስ ታተመ።